«ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም» ያልኳቸው ታካሚ



አዘጋጆቹ ስለ ሥራሽ ተናገሪ ሲሉኝ፣ ስለ አንድ ስሕተቴ ብናገር ይሻላል አልኳቸው።

እንደምታውቁት የምኖረው አሜሪካ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የታክሲ ሹፌር የሆኑ ያገራችን ሰው ታካሚዬ ነበሩ። ግላኮማ ሁለቱንም ዓይናቸውን ወሰደው። የዓይን ሐኪሞቹ የላኩትን ደብዳቤ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ስጨርስ «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም» አልኳቸው። ስለ ዓይናቸው ልክ ነበርኩ። ስለ እሳቸው ግን ተሳስቼ ነበር።

ሁለት ዓመት ከቤት አልወጡም። ይህንንም የሰማሁት ባለቤታቸው ለደም ግፊት እኔ ዘንድ ሲመጡ ነው። (እንድናገር ሁለቱም ፈቅደውልኛል።) አፈርኩ። ያኔ ነው በነጭ በትር መሄድ ወደሚያስተምሩ ባለሙያዎች የላክኋቸው። በትሩን ከለመዱ በኋላ ለመሪ ውሻ አመለከቱና ተሳካላቸው።

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የመሪ ውሻ ትምህርት ቤት፣ ሲይንግ አይ፣ የተቋቋመው በ1929 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ውሻ አሳድጎ ማሰልጠን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል፤ ዓይነ ስውሩ ግን እንዲህ ባሉ ትምህርት ቤቶች ወይ ምንም አይከፍልም፣ ወይ ትንሽ ነው የሚከፍለው። የቀረውን የሚሸፍነው መዋጮ ነው። ቡችላውን ከአንድ ዓመት በላይ ቤታቸው የሚያሳድጉትም ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ቤተሰቦች ናቸው።

ጋሼ «ለተረኞቹ እኛም እናዋጣ» አሉ። በእድራችን ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሳሁት። አንድ አባት «ዶክተር፣ ሰው እየተራበ ለውሻ እናዋጣ?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። እኛ ውሻ ሲባል የምናውቀው ግቢ የሚጠብቀውን ነው፤ ሐኪም ስንሆን ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን።

ጋሼ ተነሡ። ውሻው የትራፊክ መብራት እንደማያነብ፣ መንገዱን የሚያውቁት፣ የመኪናውን ድምፅ አዳምጠው «እንሂድ» የሚሉት ራሳቸው እንደሆኑ አስረዱ። ውሻው ከእንቅፋት ያሳልፋቸዋል፤ መኪና እየመጣ ከሆነ ደግሞ ቢያዙትም አይሄድም። ከዚያ «የምታዋጡት ለውሻ አይደለም። እንደ እኔ ያለው ሰው ሚስቱን ሳያስከትል ለቅሶ እንዲደርስ ነው» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ቡና አፍልተን፣ ሳምቡሳ ሸጠን፣ የእግር ጉዞ አዘጋጅተን 4 ሺህ ዶላር ገደማ ሰበሰብን። የአንድ ውሻ ወጪ እንኳ አይሞላም፤ ግን ከሌላው መዋጮ ጋር ተደመረ። እኚያ አባትም 50 ዶላር ሰጡ። ውሻውን ግን እስከ ዛሬ አልነኩትም። ልክ ናቸው፤ ሥራ ላይ ያለ መሪ ውሻ አይነካም።

ይህን ያነሳሁት መሪ ውሻ ወደ አገራችን እናምጣ ልል አይደለም። እሱ አሰልጣኝ፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ደህና የእግረኛ መንገድም ይፈልጋል። ነገር ግን በ2005/06 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ያጡት በሞራ ግርዶሽ ነው፤ እሱን ቀዶ ማብራት ይቻላል። ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ግን አይመለስም። ለዚያ ሰው ምን ብለን እናሰናብተው?

ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ የዘንድሮው የባቻችን መዋጮ ለነጭ በትርና በበትሩ መሄድን ለሚያስተምር ባለሙያ ይሁን። በትር ብቻ ሰጥቶ መሸኘት፣ ስቴቶስኮፕ ሰጥቶ «በል ሐኪም ነህ» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መምህሮቼ፣ ሕክምናው ሲያበቃ ለታካሚው ምን እንደሚባል፣ ወዴትም እንደሚላክ ለተማሪዎቻችን አንድ ሰዓት ስጡልን።

ባለፈው ወር ጋሼ ክሊኒኬ ብቻቸውን መጡ፤ ውሻው እግራቸው ሥር ተኛ። «እህ ዶክተርዬ፣ ዛሬስ የሚደረግ ነገር አለ?» ብለው ሳቁብኝ።

አለ።