ስምና የደረት ቁጥር

(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር በዚሁ አዳራሽ አንድ እንግዳ መጥተው ስለ ሥራ ፍለጋ ትምህርት ሰጥተውን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ንግግራቸው መልካም ነበር፤ ሻዩም መልካም ነበር። ከሁሉ አብልጠው የደጋገሙት ግን «ራሳችሁን ብራንድ አድርጉ» የሚለውን ቃል ነው። እንደ ሳሙናውና እንደ ቢራው ሁሉ እኛም የማይረሳ ምልክት ይኑረን፤ ሰው ሲያየን ወዲያው ይለየን፤ ምልክታችንም እውነተኛ ይሁን አሉን። ምልክት እንዴት እንደሚበጅ በሰፊው ነገሩን። እውነተኛ የሚሆነው እንዴት እንደ ሆነ ለመናገር ግን ሰዓቱ አልበቃቸውም። እኔ ዛሬ የቆምኩት በዚያች በቀረችው ነገር ላይ ጥቂት ለማለት ነው።

ምሳሌ የማደርገው አበበ ቢቂላን ነው። ከእርሱ የበለጠ የማይረሳ ምልክት ያለው ኢትዮጵያዊ አላውቅም። ስሙን አስተካክሎ መጥራት የማይችል ፈረንጅ እንኳ «ያ በባዶ እግሩ የሮጠው» ሲባል ያውቀዋል። ታዲያ ይህን ምልክት ማን አበጀው? ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፤ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ መሆኑ ነው፤ አበበ ሮማ ላይ ጫማውን ያወለቀው ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስቦ አልነበረም። ያገኘው አዲስ ጫማ እግሩን አልተስማማውም፤ በባዶ እግር መሮጥን ደግሞ በልምምድ ጊዜ ለምዶታል። ስለዚህ አወለቀው። ነገሩ ይኸው ነው።

በዚያ ምሽት ከጫማው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ከሚያሰጉት ሯጮች አንዱ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደስላም መሆኑን፤ የደረት ቁጥሩም 26 እንደሚሆን አስቀድመው ነግረውታል። ራዲ ግን 26ን ትቶ 185 ቁጥር ለጥፎ ወጣ። ሁለቱ ከሌሎቹ ተነጥለው በችቦ ብርሃን ጎን ለጎን ሲሮጡ አበበ ያንን 26 ቁጥር ይፈልግ ነበር፤ ከፊት የቀደመው መስሎታል። የሚፈልገው ሰው ትንፋሹ እየተሰማው አጠገቡ አለ፤ እርሱ ግን ቁጥር ያያል። መጨረሻው ሲቃረብ፤ ፋሽስቶች ከአክሱም በወሰዱት ሐውልት አካባቢ፤ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየውና በቆስጠንጢኖስ የድል በር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ራዲ 25 ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ደረሰ። (ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሟል። ይህን የምጨምረው ከመካከላችን አሁንም ሮማ ያለ የሚመስለው ሰው ስላጋጠመኝ ነው።)

አሁን ወደ ቶኪዮ እንሂድ። እንግዳችን በ1957 ዓ.ም. የአበበ አማካሪ ቢሆኑ ኖሮ ምን እንደሚሉት መገመት አያዳግትም፤ «ጫማ እንዳታደርግ! ዓለም የሚያውቅህ በባዶ እግርህ ነው» ይሉት ነበር። አበበ ግን ጥቅምት 11 ቀን ነጭ ጫማ ከነካልሲው አድርጎ መጣ። ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ከሕክምና ከተነሣ ገና አንድ ወር ጥቂት ቢያልፈው ነው። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ያህል ፈጥኖ ማራቶን የጨረሰ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ገና ሳይደርስ እርሱ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ጫማ በማድረጉ አበበነቱ የጎደለበት ሰው አላየሁም።

በ1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ስሙን ያወጣው በእግሩ ነው ብንል እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ይህን ሲያደርግ ምን ዓይነት «ምስል» እየገነባ ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ መወዳደር የሚወድ ሰው ነበር፤ የቀረውም እጁ ነበር።

ምልክቱንስ? ምልክቱን ሌሎች ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪብራም የተባለው ኩባንያ ጣት ጣት ያለው ጫማ ሠርቶ «ቢኪላ» ብሎ ለገበያ አወጣ። በባዶ እግሩ የታወቀው ሰው ስም ለጫማ መሸጫ ሆነ ማለት ነው። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ቢከስም ዘግይታችኋል ተብሎ ክሱ ተዘጋ። የፍርዱን ትክክለኛነት ለሕግ ተማሪዎች እተዋለሁ፤ እኔ የተማርኩት ግን ምልክት ከባለቤቱ ተነጥሎ መሸጥ የሚችል ዕቃ መሆኑን ነው።

አባቶቻችንም ይህን ነገር ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፤ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፤ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የፈረስ ስም የሚያምረው ፈረሱ ሜዳ ላይ ሲታይ ነው። ፈረስ ሳይኖረው በፈረስ ስም የሚፎክር ሰው ቢመጣ አዝማሪው ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ። እኛ ግን ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ሳንጨርስ በፌስቡክ ገጻችን ላይ «ኢንጂነር እገሌ» ብለን እንጽፋለን።

ይህን የምለው ከእናንተ ተሽዬ አይደለም። ወደ ራሴ ልመጣ ነው፤ እንዳትስቁብኝ።

አባቴ ያወጡልኝ ስም ረጅም ነው፤ የአገር ቤት ስም ነው። እዚህ የገባሁ ሰሞን አንድ ልጅ ሲጠራው ሳቀ። በማግሥቱ ከስሜ ሁለት ፊደል አስቀርቼ፤ መጨረሻው ላይ የፈረንጅ የሚመስል ድምፅ ቀጥዬ፤ አዲስ ሰው ሆንኩ። አነጋገሬንም ለወጥኩ፤ የከተማ ልጅ አነጋገር ለመያዝ አንድ ወሰነ ትምህርት ያህል ፈጀብኝ። ዛሬ እናንተ ሁላችሁ የምትጠሩኝ በዚያው ስም ነው። ሙሉውን የሚያውቀው ሬጅስትራር ብቻ ነው። እንደ እንግዳችን አቆጣጠር የማይረሳ ምልክት ነበረኝ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አባቴ ሳይነግሩኝ መጡ። የያዙት ዳቦ ቆሎና አንድ ጠርሙስ ማር ነበር። ስልካቸው ባትሪው መንገድ ላይ አልቆ ጠፍቷል። በር ላይ ቆመው ልጃቸውን በሙሉ ስሙ ጠየቁ። ዘበኛው የሚገቡትን የሚወጡትን ተማሪዎች እየጠሩ ጠየቁላቸው። «እንዲህ የሚባል ልጅ እዚህ የለም» አሏቸው። ከነዚያ አንዱ ከእኔ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው ጓደኛዬ ነበር፤ ዛሬም እዚህ ተቀምጧል፤ አልፈርድበትም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። አባቴ ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። እኔ በዚያ መካከል ሁለት ጊዜ በሌላው በር ወጥቼ ገብቻለሁ። በመጨረሻ አንዲት ሱቅ ስልካቸውን አስሞልተው ሲደውሉልኝ የተናገሩት ስለ መንገዱ ድካም አልነበረም። «ተባረህ ነው እንዴ ያልነገርከን?» ነው ያሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? ስሜን አልወደድኩትም ልበላቸው? መዝገቡ ላይ ስሕተት አለ አልኳቸው። ማሩን ተቀበልኩ፤ ሸኘኋቸው፤ ያንን ውሸት እስከ ዛሬ አላረምኩትም። ስለ 26 ቁጥር ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ታሪክ ሳነብ የታየኝ አበበ አልነበረም፤ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት አባቴ ነበሩ።

በዚህ ሳምንት ሙሉ ስሜን በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌ የመኝታ ክፍላችን በር ላይ ለጥፌአለሁ። አንዳንዶቻችሁ አዲስ ተማሪ የገባ መስሏችሁ ጠይቃችኋል። አነጋገሬን መመለስ ግን እንዲህ ቀላል አልሆነልኝም፤ እቤት ስደውል እንኳ እየተሳሳትኩ ነው።

አባቴ ለጥምቀት እመጣለሁ ብለዋል። ትናንት ወደ በሩ ሄጄ ስሙን ለዘበኛው ነገርኳቸው። ጥቂት አዩኝና፤ «ያን ዕለት የተፈለግኸው አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ።