ከወሊድ ፈቃድ መልስ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። ጭንቁ የሚመጣው ፈቃዱ አልቆ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ባለው ጊዜ ነው። እናት ስብሰባ ላይ እንደተቀመጠች ጡቷ በወተት ይወጠራል፤ ሸሚዟ ይረጥባል። እንቅልፍ አጥታ ስላደረች ሐሳቧ አልሰበሰብ ይላታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሰውነቷ ገና አላገገመም። ወተቱም መባከን የለበትም፤ የታለበ የጡት ወተት በንጹሕ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ስለዚህ አሠሪዎች፣ በሩ የሚዘጋ ክፍልና የማለቢያ ጊዜ ስጧት። አባቶች፣ የሌሊቱን ተራ ተካፈሉ። እናቶች፣ እገዛ ለመጠየቅ አትፈሩ።