የሰርቨር ፕሮሰሰሮች በጌም ሚዛን

በመጥሪያው ላይ የተጻፈው ርእስ ንጽጽር የሚል ነው፤ ንጽጽሩን አቀርባለሁ። ሆኖም የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በሰርቨር ክፍል ቅዝቃዜ ውስጥ ነውና መንገዴን በዚያ በኩል ባደርግ አትቀየሙኝ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንቴል በ2012 ዜኦን ኢ5-2670 የተባለውን ፕሮሰሰር ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው ከ1,500 ዶላር በላይ ነበር። ስምንት ኮር፣ 20 ሜጋባይት ካሽ ሜሞሪ፣ 115 ዋት። ትልልቅ ዳታ ሴንተሮች በገፍ ገዙት። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሰርቨሮቻቸውን በአዲስ ሲተኩ ያ ሁሉ ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ ገበያው ላይ ፈሰሰ፤ በ2016 አካባቢ አንዱ ከ100 ዶላር በታች ይገኝ ነበር። ፕሮሰሰሩ ረከሰ እንጂ የሚሰካበት ማዘርቦርድ አልረከሰም። ይህን ያዩ የቻይና አምራቾች ኤክስ79 እና ኤክስ99 የሚል ስም እየሰጡ፣ አንዳንዴም ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ቺፕሴት እየገጠሙ፣ ርካሽ ማዘርቦርድ ማውጣት ጀመሩ። ዜኦን ኪሱ ለሳሳ ተጫዋች ተስፋ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። «ስምንት ኮር በዚህ ዋጋ!» ያላለ አልነበረም።

ጥያቄው ጌሙ እነዚያን ኮሮች ይፈልጋቸዋል ወይ የሚለው ነው።

አንድ ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም እንዲያሳይ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ፍሬም የሚደርሰው 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በ144 ኸርዝ ስክሪን ደግሞ ከ7 ሚሊሰከንድ ያንሳል። በዚያች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ የተጫዋቹን ትእዛዝ ይቀበላል፤ ማን ከማን ጋር እንደተጋጨ ያሰላል፤ ጠላት ወዴት እንደሚሮጥ ይወስናል፤ በመጨረሻም ግራፊክስ ካርዱን «ይህን ሳል» ይለዋል። አብዛኛው ተራ የሚጠብቅ ሥራ ነው። ግጭቱ ሳይሰላ ሥዕሉ አይታዘዝም። ጂን አምዳል በ1967 እንዳስረዳው፣ የአንድ ሥራ ግማሹ ለብዙ እጅ የማይከፋፈል ከሆነ ሺህ ኮር ብትደረድሩም ፍጥነቱ ከሁለት እጥፍ አያልፍም።

ሰርቨር የተሠራው ለሌላ ዓይነት ኑሮ ነው። ሺህ ደንበኛ በአንድ ጊዜ ሂሳቡን ቢጠይቅ የአንዱ ጥያቄ የሌላውን አይጠብቅም። ስለዚህ ብዙ ኮር አሰልፎ ረጋ ባለ ፍጥነት ማሠራት ያዋጣል፤ ፍጥነት ለመጨመር ቮልቴጅ ከፍ ማድረግ ግድ ነው፣ ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍጆታው በዚያው ፍጥነት እንኳ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ኢ5-2670 ሲበረታ የሚደርሰው 3.3 ጊጋኸርዝ የሆነው ኢንቴል ስላቃተው አይደለም፤ የመብራት ሂሳብ የሚከፍለው ደንበኛው የሚፈልገው ይህን ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ገጠመኝ ላውጋችሁ። የጎረቤቴ ልጅ ያገለገለ ዎርክስቴሽን ተገዝቶለት መጣ። ውስጡ ሁለት ኢ5-2680 ቪ2 ተሰክተዋል፤ እያንዳንዱ አሥር ኮር። «ጋሼ፣ የእኔ ሃያ ኮር ነው፣ የጓደኛዬ አራት ብቻ። ታዲያ ለምንድነው የእኔ የሚቆራረጠው?» አለኝ። ጌሙን ከፍተን ታስክ ማናጀሩን አየን። እያንዳንዱ ኮር እንደ ሁለት ስለሚቆጠር አርባ ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል። አንደኛው ጣሪያ ነክቷል፤ ሁለት ሦስቱ ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ የቀሩት መሬት ላይ ተኝተዋል። ይባስ ብሎ፣ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ራም አለው፤ የአንደኛው ኮር ከሌላው ራም መረጃ ሲፈልግ በሁለቱ መካከል ያለውን ድልድይ መሻገር አለበት። ጌሙን በአንደኛው ፕሮሰሰር ኮሮች ላይ ብቻ እንዲሠራ አሰርኩት። መቆራረጡ ጨርሶ ባይጠፋም ቀነሰ። ልጁ ግን ከፋው፤ «እና ሁለተኛው ምን ሊሠራ ነው?» አለ። እናቱ ከወጥ ቤት ሆነው «ቤት ያሞቃላ!» አሉ። ከኔ ዲስኩር የእሳቸው አጭርና ትክክል ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር፣ ወደ ካሽ ልግባ። ሰብሳቢው ይታገሱኝ።

በ4 ጊጋኸርዝ የሚሮጥ ኮር ከራም መረጃ ጠይቆ እስኪደርሰው 80 ናኖሰከንድ ቢፈጅበት፣ 320 ዙር እጁን አጣጥፎ ቆሟል ማለት ነው። ጌም ደግሞ ዳታው የተበታተነ ነው፤ ከአንዱ ገጸ ባሕሪ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ቀጥሎ የሚፈልገውን መገመት ያስቸግራል። ወጥ የምትሠራ ሴት በርበሬው መደርደሪያዋ ላይ ካለ እጇን ትዘረጋለች፤ ከሌለ ገበያ መውረድ ሊኖርባት ነው። ካሽ ያ መደርደሪያ ነው።

ለሰርቨር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዳታቤዝም የሚሰቃየው በዚሁ ነው። ኤኤምዲ በኮሮቹ ቺፕ ላይ ሌላ የካሽ ቺፕ የመደረብን ጥበብ በመጋቢት 2022 ለሰርቨር ኤፒክ ፕሮሰሰሮቹ አወጣ። በወሩ ያንኑ ጥበብ ለተጫዋች አመጣው፤ ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ። የሚገርመው፣ ይህ ፕሮሰሰር ከቀዳሚው 5800ኤክስ በፍጥነት ያንሳል፤ ያ 4.7 ጊጋኸርዝ ሲደርስ ይህ በ4.5 ይቆማል። ካሹ ግን ከ32 ወደ 96 ሜጋባይት አደገ። በጌም አሸነፈ። አምራቹ ከባለ አሥራ ሁለት ኮሩ 5900ኤክስ ጋር አነጻጽሮ በአማካይ 15 ከመቶ ይፈጥናል ብሎ ነበር። አሥራ ሁለት ኮር በስምንት ኮር ተበለጠ። ተማሪዎች፣ ይህችን ጻፏት።

እንግዲህ አንድ ብልህ ሰው ተነሥቶ «ታላቅ ወንድሙ ኤፒክ 7773ኤክስ 64 ኮርና 768 ሜጋባይት ካሽ አለው፤ ታዲያ እሱን አልገዛም?» ይል ይሆናል። ብሎኛልም። መልሱ ውስጡን ሲከፍቱት ነው የሚገኘው። 768ቱ አንድ ቦታ አልተቀመጠም። ፕሮሰሰሩ ስምንት ቺፕሌት ነው፤ እያንዳንዱ ስምንት ኮርና የራሱ 96 ሜጋባይት አለው። ዋናው የጌም ትሬድ፣ ማለትም ያ ተራ የሚጠብቀው ሥራ፣ የሚሮጠው በአንዱ ላይ ነው፤ የሚጠቅመውም የዚያው 96 ነው። ያንኑ ያህል ካሽ 5800ኤክስ3ዲም አለው፤ ለዚያውም በ4.5 ጊጋኸርዝ፤ ኤፒኩ ግን ከ3.5 አያልፍም። የቀረው 672 ሜጋባይት በዚያ ሰዓት ለጌሙ የጎረቤት ንብረት ነው። በዕቃ ዝርዝር ወረቀት ላይ የሚታይ ድምር እንዲህ ያሳስታል፤ እኔ ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ጌም ራሱ ሰርቨር ላይ ሲጫን እንኳ ነገሩ አይለወጥም። የማይንክራፍት ሰርቨር ዓለሙን በሰከንድ ሃያ ጊዜ ማደስ አለበት፤ ለእያንዳንዱ 50 ሚሊሰከንድ። የዚህ ሥራ ልብ በአንድ ትሬድ ላይ ነው። ስለዚህ ማይንክራፍትን የሚያስተናግዱ ሰዎች የሚመርጡት ብዙ ጊዜ ፈጣን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ነው። ኤኤምዲም በ2024 ኤፒክ 4004 ብሎ ያወጣቸው በዴስክቶፕ ሶኬት ላይ የሚሰኩ፣ በመሠረቱ ራይዘን የሆኑ ናቸው። ከነሱ መካከል ካሽ የተደረበለትም አለ፤ በጌም የማያሳፍር ኤፒክ ማለት ያ ነው።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ስለሆነ ንጽጽሩን በሩጫ ላድርገው። ኢ5-2670 እና ኢ5-2680 ቪ2 ኤቪኤክስ2 የተባለውን የትእዛዝ ስብስብ አያውቁም፤ ዛሬ ገንዘብ አይወጣባቸውም። ከቪ2 ትውልድ የግድ ከሆነ 4 ጊጋኸርዝ የሚደርሰው ኢ5-2667 ይሻላል። ከቪ3 ወገን ኢ5-1650 ስድስት ኮርና 3.8 ጊጋኸርዝ አለው፤ ቦርዱ ከፈቀደ ከዚያም ይገፋል፤ ያገለገለ ዎርክስቴሽን የምትገዙ እሱን ፈልጉ። አሥራ ሁለትና አሥራ ስምንት ኮር ያላቸው ቪ3ዎች ለቪዲዮ ሥራ እንጂ ለጌም አይመረጡም። ኢ3-1231 ቪ3 በጊዜው ብልህ ግዢ ነበር፤ የኮር አይ7 ወንድም ሆኖ ይረክስ ነበርና፤ አራት ኮሩ ግን አርጅቷል። በ2022 የወጣው ኮር አይ3-12100ኤፍ አራት ኮር ብቻ ይዞ እስከ 4.3 ጊጋኸርዝ ይሮጣል፤ በእያንዳንዱ ዙርም ከነሱ የበለጠ ሥራ ይጨርሳል፤ በአብዛኛው ጌም እስካሁን የጠራኋቸውን አሮጌ ዜኦኖች ሁሉ ይቀድማል። ራይዘን 5 5600 ከሱም ያልፋል። ግራፊክስ ካርዱ ደካማ ከሆነ ወይም በ4ኬ ስክሪን የምትጫወቱ ከሆነ ልዩነቱ ይጠባል፤ ያኔ የሚጠበቀው ካርዱ ነውና።

ለገዢዎች ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሰርቨር ራም ርካሽ ነው ብላችሁ ሬጂስተርድ የሚለውን ገዝታችሁ በተራ ዴስክቶፕ ቦርድ ላይ ብትሰኩት አይነሣም። ኤችፒ ዜድ420 ወይም ዜድ440 ዎርክስቴሽን የምታዩ፣ ፓወር ሰፕላዩ የራሱ ዓይነት ስለሆነ በተለመደው መተካት አያመችም፤ ለግራፊክስ ካርዳችሁ የሚሆን ገመድ መኖሩን ክዳኑን አስከፍታችሁ ሱቁ ውስጥ እዩ። ቫሎራንት የምትጫወቱ ደግሞ፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት ካልበራ ጌሙ አይከፈትም፤ ዊንዶውስ 11 ራሱም እነዚህን አሮጌ ዜኦኖች በይፋ ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ አላካተተም። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ፤ ስለ ካሽ ከሆነ ደግሞ በደስታ።