ከወለል በታች ያለው ውኃ፦ እርጥበትንና ሻጋታን ማወቅና ማከም

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)



ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። እናቴ የምትኖርበት የአዲስ አበባ ቤት ከቆዩት ቤቶች አንዱ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ መሠረቱ ድንጋይ፣ ወለሉ ጣውላ ነው። በጣውላውና በመሬቱ መካከል ግማሽ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ አለ፤ በድንጋዩ መሠረት ዙሪያም ትናንሽ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ነበሩ። የምሕንድስና ትምህርቴን በጨረስሁ ሰሞን፣ አይጥና ብርድ ይገባል ብዬ ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶ ደፈንኋቸው። እናቴም መረቀችኝ።

ከሦስት ክረምት በኋላ ቤቱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይሸት ጀመር፤ የአልጋዋ እግር ያረፈበት ጣውላም ሰመጠ። ወለሉን ያነሡት አዛውንት አናጢ የበሰበሰውን ተሸካሚ እንጨት በጣታቸው ፈርፍረው አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ ቤቱን አፍንጫውን ይዘህ ነው ያፈንኸው» አሉኝ።

እናቴ በእነዚያ ዓመታት ትስል ነበር። ሐኪም አይደለሁምና ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ አልፈርድም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለአስምና ለመተንፈሻ አካላት ሕመም ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስታውቋል። ጉዳዩ የጣውላ ዋጋ ብቻ አይደለም።

የሻጋታ ዘር በአየር ውስጥ ሁልጊዜ አለ፤ ልናስቀረው አንችልም። ለመብቀል ምግብ፣ ተስማሚ ሙቀትና ውኃ ይሻል። ምግቡ እንጨቱ፣ አቧራው፣ በጭቃው ውስጥ ያለው ጭድ ነው። ለእኛ የተስማማ ሙቀት ለእርሱም ይስማማዋል። ስለዚህ በእጃችን ያለው ውኃው ብቻ ነው። በአንድ ዕቃ ገጽ ላይ ያለው አየር አንጻራዊ እርጥበቱ ከ80 በመቶ በላይ ሆኖ ከሰነበተ ሻጋታ ሊበቅል ይችላል፤ የእንጨት እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሲዘልቅ ደግሞ የመበስበስ አደጋ ይመጣል።

ውኃው ከቤት ሥር የሚገባው በጥቂት መንገዶች ነው። አሸንዳ የሌለው ጣሪያ የክረምቱን ዝናብ በመሠረቱ ግርጌ ያፈሳል፤ የተቀበረ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ ድንጋዩና ጭቃው ከአፈሩ ውኃ ይስባሉ። ራቁቱን ያለ እርጥብ መሬትም ሳይታይ እንፋሎት ይሰጣል። ዋልካ አፈር ውኃን ይዞ ስለሚቆይ ነገሩን ያብሰዋል።

ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በግድግዳ ግርጌ የሚታይ ነጭ ዱቄት በውኃ ጠብታ ከሟሟ ጨው ነው፤ ሻጋታ አይሟሟም። ይሁን እንጂ ጨዉም ውኃ እንዳለፈ ይመሰክራል። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን አጣብቃችሁ አንድ ቀን አቆዩት። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ውኃው ከመሬት ይመጣል፤ ከላዩ ከታየ ከክፍሉ አየር ነው። ሽታውን በዕጣን መሸፈን ግን ምስክሩን ዝም ማሰኘት ነው።

ሕክምናው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ውኃውን ከቤቱ ማራቅ፦ አሸንዳ መስቀል፣ ቦይ መቅደድ፣ መሬቱን በሦስት ሜትር ርቀት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ማዘቅዘቅ። ቀጥሎ ከወለሉ ሥር ያለውን አፈር በወፍራም ላስቲክ መሸፈንና ማድረቅ። ከዚያም የበሰበሰውን እንጨት መለወጥ፣ የቀረውን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ፈጥኖ ማድረቅ። አፍንጫን፣ ዓይንንና እጅን መሸፈን ግድ ነው። በረኪናን ከአሞንያ ወይም ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሻጋታው ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ከሸፈነ ባለሙያ ይጠራ። ቀለም የመጨረሻው ነው፤ በሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ተመልሶ ይላጣል።

ቀዳዳ ሁልጊዜ መድኃኒት ነው አልልም። እንደ ደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ባለ ሞቃትና እርጥብ አገር፣ የበጋው አየር ራሱ ከወለል ሥር ገብቶ ጤዛ ስለሚሆን፣ መሬቱን በላስቲክ ሸፍኖ ቀዳዳውን መዝጋት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። በአዲስ አበባ ግን ከክረምቱ በኋላ ደረቅ ወራት ይከተላሉና አየሩ ያደርቃል። የእኔ ጥፋት ውኃው ከየት መጥቶ በየት እንደሚወጣ ሳልጠይቅ፣ በእርጥብ አፈር ላይ መውጫውን መድፈኔ ነው። የቀድሞዎቹ ግንበኞች ያንን ቀዳዳ ሲተዉ ምክንያት ነበራቸው፤ እኔ ዲግሪ ይዤ ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

ዛሬ ቀዳዳዎቹ ተከፍተው ለአይጥ መከላከያ የሽቦ ወንፊት ተደርጎባቸዋል። ውድ ተማሪዎች፣ ነገ የሰው ቤት ልታድሱ ስትገቡ፣ ከመድፈናችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከወለሉ ሥር ተመልከቱ።