የመስሚያ መሣሪያና የጆሮ ልክ
(ከሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ቃሌን በሬዲዮ ለሰማችሁም፣ አሁን በጋዜጣ ለምታነቡትም፣ ዛሬ የማቀርብላችሁ ነገር ስለ ጆሮ ነው። አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብለው የተረቱት ስለ ሐሜት መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ተረቱ ከሐሜት አልፎ ለሌላም ይሠራል። የመስማት ኃይሉ ቀስ በቀስ የሚደክምበት ሰው፣ መድከሙን ከሁሉ በኋላ የሚያውቀው ራሱ ነው። ሚስቱ ታውቃለች፤ ልጆቹ ያውቃሉ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹም ያውቃሉ። እርሱ ግን ሰዎች ሁሉ ቃላቸውን እያልጎመጎሙ መናገር የጀመሩ ይመስለዋል።

ይህ ጉዳይ በድሬዳዋ ለምን በተለይ ሊታሰብበት እንደሚገባ ለመረዳት የከተማይቱን አወላለድ ማስታወስ ይበቃል። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች፣ ከመንደርነት ይልቅ በሥራ ቦታነት የተጀመረች ከተማ ናት። በባቡሩ ጥገና ክፍል ብረት በብረት ሲቀጠቀጥ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሽመና መኪናዎች ሲንኳኩ፣ በሲሚንቶ ፋብሪካውም ድንጋይ ሲፈጭ ብዙ ትውልድ እንጀራውን በልቶበታል። የሽመና መኪናዎች የተደረደሩበት አዳራሽ ጩኸት ብዙውን ጊዜ ከ90 ዴሲቤል የሚበልጥ መሆኑ በየአገሩ ተለክቶ ታውቋል። በቀን ስምንት ሰዓት ሙሉ ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ጩኸት ለዓመታት የተሸከመ ጆሮ ደግሞ፣ በመድኃኒት የማይመለስ ጉዳት ያገኘዋል። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር እንኳ ዛሬ የባጃጁ ጡሩንባ የማይደርስበት ሰዓት እንደሌለ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በጩኸት የተጎዳ ጆሮ ሁሉን ድምፅ እኩል አያጣም። አስቀድሞ የሚከዳው በ4000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ቀጭኑን ድምፅ ነው። የሞተሩን ጉርምርምታ፣ የከበሮውን ምት፣ የተናጋሪውንም ድምፅ ወፍራም ወፍራሙን ይሰማል። እንዲህ ያለው ሰው «እሰማለሁ፤ ቃሉ ግን አይገባኝም» ሲል እውነቱን ነው። በአማርኛችን ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ጽ የምንላቸው ድምፆች ኃይላቸው ያለው በዚሁ በቀጭኑ ክልል ነው። «ሰማ» ከ«ሸማ» የሚለየው በአንዲት ድምፅ ነው፤ «ጣት» ከ«ጫት» የሚለየውም እንዲሁ። በድሬዳዋ ገበያ መካከል ጣትንና ጫትን ማምታታት ለሳቅ ይሆን ይሆናል። ሐኪም ፊት ቀርቦ በቀን የሚዋጠውን ክኒን ቁጥር ሲሰሙ ሦስትን ከስድስት ማምታታት ግን ለሳቅ አይሆንም።

እስቲ በመሥሪያ ቤታችሁ መስኮት ፊት የቆሙ አንድ ሽማግሌ በሐሳባችሁ ሣሉ። ዕድሜያቸውን በጥገና ክፍል መዶሻ ሥር ያሳለፉ ናቸው እንበል። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «አባባ፣ አንድ ማስረጃ ይጎድላል፤ ማክሰኞ ይዘው ይምጡ» ይላቸዋል። እርሳቸውም በጨዋ ደንብ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ሐሙስ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ጸሐፊው ነግሬያቸው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ ብሎ ይቆጣል፤ ሽማግሌውም ተናቅሁ ብለው ያዝናሉ። ይህ ሲደጋገም ጊዜ ሰውየው ከመሥሪያ ቤት ደጅ ብቻ ሳይሆን ከዕድሩም ስብሰባ፣ ከጎረቤትም ቡና ይርቃሉ።

እንግዲህ ልጃቸው ከውጭ አገር የመስሚያ መሣሪያ ገዝቶ ላከላቸው እንበል። ቤተ ሰቡ ደስ ይለዋል፤ መሣሪያው በጆሮ ላይ ይደረጋል፤ ያፏጫል፤ የሳህን ኳኳታ እንደ ነጎድጓድ ያስደነግጣል፤ የልጅ ልጅ ቃል ግን እንደ ቀድሞው አይያዝም። በሁለት ሳምንት ውስጥ መሣሪያው በመሐረብ ተጠቅልሎ ሣጥን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ባወጣው መግለጫ፣ ለመስማት ችግር እርዳታ የሚያሻቸው ሰዎች በዓለም 430 ሚሊዮን እንደሚደርሱ፣ የመስሚያ መሣሪያ ሊረዳቸው ከሚችሉት መካከል ግን የሚጠቀሙበት 17 ከመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ አስታውቋል። የብዙዎቹ ምክንያት ድህነትና የባለሙያ እጦት ነው። መሣሪያውን አግኝተው የማይጠቀሙበትም አሉ፤ የዛሬው ንግግሬ የሚያተኩረው በእነዚህ ላይ ነው። መሣሪያ ተሰጠ ማለትና ሰው ሰማ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

መሣሪያው በመሠረቱ ቀላል ነው። ድምፅ የሚቀበል ማይክሮፎን፣ ድምፁን የሚያጎላ ክፍል፣ ወደ ጆሮ የሚያስተላልፍ ትንሽ ድምፅ ማጉያና ባትሪ ናቸው። ትራንዚስተር ከመጣበት ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እያነሰ ሄዶ፣ ዛሬ ከጆሮ ጀርባ ተደብቆ የሚውል ጥቃቅን ኮምፒዩተር ሆኗል። ብልህ መሆኑ ግን ከመመዘን አላዳነውም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው መሣሪያው ራሱ ጤነኛ ነውን የሚለው ነው። ለዚህ የሚያገለግል የውጭ ድምፅ የማይገባበት አንድ አነስተኛ ሣጥን አለ። መሣሪያው በውስጡ ይቀመጥና ሁለት ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከምትይዝ፣ የጆሮ ምትክ ከሆነች ጎድጓዳ ብረት ጋር ይያያዛል። ሣጥኑ ከወፍራም እስከ ቀጭን በተራ ድምፅ ያሰማል፤ የሚወጣውም ድምፅ ተለክቶ በመስመር ይሣላል። 90 ዴሲቤል ሲገባበት እስከ ምን ድረስ እንደሚጮህ፣ ድምፁን ምን ያህል እንደሚያበላሽ፣ ባትሪውን ምን ያህል እንደሚበላ፣ በራሱም ምን ያህል እንደሚያሽ ይታወቃል። ውጤቱ ፋብሪካው ካወጣው ወረቀት ጋር ይተያያል። ሥራው ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። የማይክሮፎኑ ቀዳዳ በአቧራ የተደፈነ ወይም በመንገድ የተጎዳ መሣሪያ በዚህ ይያዛል። ያለዚህ ሣጥን ግን ጥፋቱ ሁሉ በሽማግሌው ላይ ይላከካል፤ «አልለመዱትም» ይባላል።

ዳሩ ግን ብረት ጆሮ አይደለም። ሥራው የሚከብደውም፣ የሚጣፍጠውም እዚህ ላይ ነው። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቱቦ ርዝመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ልክ እንደ ዋሽንት የራሱ ዜማ አለው። በ2700 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያለ ምንም መኪና በ15 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ቱቦው በመሣሪያው ቅርጽ ሲዘጋ ይህ የተፈጥሮ ስጦታ ይጠፋል፤ መሣሪያውም አስቀድሞ ያጠፋውን መክፈል፣ ከዚያም በላይ መጨመር አለበት። የሕፃን ጆሮ ቱቦ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ፣ ያው መሣሪያ በአባት ጆሮ ከሚሰጠው ይልቅ በልጁ ጆሮ የበረታ ድምፅ ይሰጣል። አየር በጠርሙስና በእንስራ ውስጥ ሲገባ እኩል እንደማይጨነቅ ሁሉ ማለት ነው። ስለዚህ ለአንዱ ጆሮ የተመጠነውን መሣሪያ ለሌላው ማዋስ ከንቱ ከመሆኑም በላይ፣ የቀረውን የመስማት ኃይል ሊጎዳ ይችላል።

ስለሆነም የሠለጠነው ባለሙያ በጆሮው ውስጥ ገብቶ ይለካል። በመጀመሪያ ኩክ መኖር አለመኖሩን፣ ታምቡሩም ደኅና መሆኑን በመብራት ይመለከታል። ቀጥሎ እንደ ክር የቀጠነች ለስላሳ ቱቦ ወደ ታምቡሩ አጠገብ ያስገባል። ከጆሮው ደጃፍ እስከ ጫፏ ድረስ ለአዋቂ ወንድ 31 ሚሊ ሜትር፣ ለሴት 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መሣሪያው ከላይዋ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ በፊት ለፊት ከተቀመጠ ድምፅ ማጉያ የሰው ንግግር ይሰማል፤ አስቀድሞ በዝግታ በ55፣ ቀጥሎ በተለመደው በ65፣ ከዚያ በ75 ዴሲቤል ነው። በመጨረሻም ጠንካራ ድምፅ ይለቀቅና መሣሪያው ከሚያሳምም ወሰን አለማለፉ ይረጋገጣል። በመስታወቱ ላይ ሁለት መስመሮች ይታያሉ። አንደኛው ለዚያ ሰው ጉዳት የሚገባው ልክ ነው፤ ሁለተኛው በእርግጥ ታምቡሩ ዘንድ የደረሰው ድምፅ ነው። ባለሙያው ሁለቱ እስኪቀራረቡ ድረስ ያስተካክላል።

የሚገባው ልክ በግምት የሚሣል አይደለም። አሜሪካዊው ሬይመንድ ካርሃርት በ1946 ከጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች መሣሪያን የሚመርጥበትን ዘዴ ሲያወጣ፣ ለአንዱ ሰው ብዙ መሣሪያ እያፈራረቀ፣ ቃል እያስደገመ ነበር። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የድምፅ ጥናት ላቦራቶሪ ደግሞ ለየጉዳቱ የሚሰጠውን መጠን በስሌት አወጣ፤ በ1986 የታወቀው ቀመሩም እስከ 2011 ድረስ ሲሻሻል ቆይቶ በብዙ አገር ይሠራበታል። በካናዳ የተዘጋጀው ሌላው ቀመር በተለይ ለሕፃናት የታሰበ ነው።

«ኮምፒዩተሩ ራሱ ያስተካክለው የለምን?» የሚል አይታጣም። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው አማካዩን ጆሮ ነው፤ አማካይ ጆሮ ያለው ሰው ደግሞ እስካሁን በመስኮታችን ፊት አልቆመም። በእንግሊዝ አገር በ2007 የወጣ አንድ ጥናት፣ በፋብሪካው የመጀመሪያ ግምት ብቻ ከተሞሉት መሣሪያዎች 64 ከመቶው ከሚገባው ልክ ከ10 ዴሲቤል በላይ ርቀው መገኘታቸውን አሳይቷል። በጆሮ ውስጥ እየተለካ ከተስተካከለ በኋላ ግን 83 ከመቶው ልኩን አገኘ። የሚጎድለው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ያው ቀጭኑ መሆኑን አስተውሉ፤ ማለትም ሰማን ከሸማ የሚለየው ነው።

መስመር ከመስመር ከተገጣጠመ በኋላ ሰውየው ይጠየቃል። ዳንኤል ሊንግ የተባሉት የመስማት አስተማሪ ያስፋፉት አንድ ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም፤ እናትም በቤቷ ልታደርገው ትችላለች። ስድስት ድምፆች ናቸው፦ እም፣ ኡ፣ ኣ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ። ከንፈሯ እንዳይታይ ከጀርባው ሆና፣ ተራውን እያዘበራረቀች ትላቸዋለች፤ ልጁም የሰማውን ይደግማል ወይም እጁን ያነሣል። እም ወፍራሙን ክልል፣ ስ ቀጭኑን ይመረምራሉ። ልጁ ኢን እንደ ኡ ከሰማ ነገሩ ተራ ስሕተት አይምሰላት። ሁለቱ በወፍራሙ ክፍላቸው ይመሳሰላሉ፤ ኢን ኢ የሚያሰኘው በ2500 ኸርዝ አካባቢ ያለው ክፍሏ ነውና፣ መሣሪያው እዚያ ላይ መጉደሉን ለባለሙያው ልትነግረው ይገባል። ለሕፃን ልጅ እያንዳንዱ የጠፋ ወር የንግግር ወር ነው።

በቃል የሚደረገው ፈተና በሰውየው አፍ መፍቻ ቋንቋ መሆን እንዳለበት በድሬዳዋ ላለ ሰው መንገር የሚያሻ አይመስለኝም። ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ሲናገሩ የኖሩ እናት የአማርኛ ቃል ሳይደግሙ ቢቀሩ፣ የተፈተነው ጆሯቸው ይሁን አማርኛቸው አይታወቅም።

እዚህ ላይ በግዥና በዕርዳታ ክፍል ለምትሠሩ አንድ ቃል ልጨምር። የመስሚያ መሣሪያ በቁጥር ተገዝቶ፣ በቁጥር ታድሎ፣ በቁጥር ሪፖርት ሲደረግ ሥራው ያለቀ ይመስላል። የመለኪያው ሣጥን፣ የጆሮ ቅርጽ ማውጫው፣ የአንድ ዓመት ባትሪና የሚከታተለው ባለሙያ በዝርዝሩ ውስጥ ከሌሉ ግን የተገዛው ጌጥ ነው። እኔ በበኩሌ፣ ሳይለኩ መቶ ከማደል ለክቶ አርባ መስጠት ይሻላል እላለሁ። በሪፖርት ላይ አርባ ትንሽ መስሎ ቢታይም አርባው ይሰማሉ። ደግሞም መሣሪያ ለሁሉ አይበጅም። ፈጽሞ ለማይሰሙ ወገኖቻችን የምልክት ቋንቋ ሙሉ ቋንቋ ነው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል።

የድሬዳዋ ሙቀት ነገርም አይዘለልም። ላብ በቱቦው ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ አቧራውም ማይክሮፎኑን ይደፍናል። ማታ ማታ የባትሪውን ክዳን ከፍቶ፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ባለበት ክዳናም ዕቃ ውስጥ ማሳደር ይገባል። ባትሪዎቹ አየር ሲያገኙ የሚሠሩ ስለሆኑ፣ ባለቀለሙ ሽፋን ከተላጠ በኋላ ባይጠቀሙባቸውም ያልቃሉ። መሣሪያው በእጅ መዳፍ ሲሸፈን ቢያፏጭ ባትሪው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ በጆሮ ላይ ሆኖ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ቅርጹ አልገጠመም ወይም ኩክ አለ። የሚያፏጨውን ድምፁን እየቀነሱ ዝም ማሰኘት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ፉጨቱን ከንግግሩ ጋር አጥፍቶታል።

በመስኮት ላለው ጸሐፊ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። መሣሪያ ላደረገ ሰው መጮኽ አያስፈልግም፤ መሣሪያው ጩኸትን በወሰኑ ላይ ስለሚቆርጠው ቃሉ ይበላሻል። ፊትን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ ራስን ከወረቀቱ ቀና አድርጎ፣ በዝግታ መናገር፤ ቀኑንና ሰዓቱንም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በእጃቸው መስጠት ነው።