ጠመንጃና ጥይት በአንድ ቁልፍ አይቀመጡም
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ከቁጠባና ከብድር ሒሳባችን ወጣ ብለን ስለ አንድ የቤት ጉዳይ እንድንነጋገር ፈልገናል፤ በቤታችን ስላለው ጠመንጃ። በሺሺንዳና በዙሪያዋ በየቤቱ ባይሆንም መሣሪያ ያለበት ቤት አለ። የአንዳችን ባለቤት ሚሊሻ ነው፤ የሌላችን ወንድም ፖሊስ ወይም ጥበቃ ነው፤ በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ ለመጠበቅ ከአባቱ የወረሰውን የያዘም አለ። ለምን ተያዘ የሚለው የዛሬ ጥያቄያችን አይደለም። ጥያቄያችን፣ ባለቤቱ በሌለበት ሰዓት ልጆቻችን ሊያገኙት ይችላሉ ወይ የሚል ነው።

መልሱን እኛው እናውቀዋለን። ቤት የምንጠርገው፣ ፍራሽ የምናነሳው፣ ከቆጥ ላይ እህል የምናወርደው እኛ ነን። ጠመንጃው ከአልጋ ራስጌ፣ ከፍራሽ ሥር ወይም ከበር ጀርባ ነው። «ተደብቋል» እንላለን። ማሩ የት እንደተቀመጠ የሚያውቅ ልጅ ግን ጠመንጃው ያለበትንም አያጣውም።

«ልጆቼን አስጠንቅቄያለሁ፤ አይነኩም» የሚል አባት አለ። ምክር ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በአሜሪካ አገር የተደረገና እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው ወንዶች ልጆች፣ ጥይት የሌለው እውነተኛ ሽጉጥ በመሳቢያ በተደበቀበት ክፍል እንዲጫወቱ ተደረገ። አብዛኞቹ ሽጉጡን አገኙት፤ ካገኙትም ብዙዎቹ አነሱት፤ ቃታ የሳቡም ነበሩ። ሽጉጡን ከነኩት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት አስቀድመው ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ የተመከሩ ነበሩ። ልጅ ልጅ ነው። ኃላፊነቱ የወላጅ ነው።

ሕጉም እንደዚሁ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ያለውም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543፣ በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ያጠፋን ሰው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2124፣ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ካሳው ከቡናችንና ከከብታችን ይወጣል ማለት ነው።

ገንዘቡ ግን ትንሹ ዕዳ ነው። ከሟች እናት ጋር በአንድ ዕድር እንዴት እንቀመጣለን? ጓደኛውን የገደለው ልጅስ ምን ሆኖ ያድጋል? ይህን ዕዳ የሚያወራርድ መዝገብ የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የማኅበራችንን የገንዘብ ሣጥን እናስብ። ሦስት ቁልፍ አለው፤ ሦስቱም በተለያዩ እህቶች እጅ ናቸው። ገንዘብ ያዥዋና መዝገብ የምትጽፈው አንድ ሰው አይደሉም። እንዲህ ያደረግነው ስለማንተማመን አይደለም፤ አንዷ ብትዘናጋ ሌላዋ እንድትደርስ ነው። ይኸው ሥርዓት ለጠመንጃም ይሠራል።

አንደኛ፣ ባለቤቱ ቤት ከመግባቱ በፊት ጥይቱን ያውጣ። ካርታው ወጥቶም ጠመንጃው አንዲት ጥይት ጎርሶ ሊቀር ይችላልና አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ከፍቶ ይመልከት። አሠራሩን የማናውቅ ግን አንነካካው።

ሁለተኛ፣ ጠመንጃው በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጥ፤ ጥይቱ ደግሞ በሌላ ሣጥን፣ በሌላ ቁልፍ።

ሦስተኛ፣ ቁልፉ በሚስማር ላይ አይንጠልጠል፤ ከትልቅ ሰው አይለይ።

አራተኛ፣ ልጆቻችን ጥይትም ሆነ መሣሪያ ቢያገኙ ሳይነኩ ሮጠው እንዲነግሩን እናስተምር። ሲነግሩን አንቆጣቸው፤ የተቆጣነው ልጅ ሌላ ጊዜ ዝም ይላል።

አምስተኛ፣ ልጃችን ጎረቤት ሲውል «መሣሪያችሁ ተቆልፏል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ከተለመደ ነውር አይሆንም።

«ሌሊት ሌባ ቢመጣስ?» የሚሉን ይኖራሉ። ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ካደረ ሣጥን መክፈት ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሌባ ይመጣም አይመጣም፤ ልጅ ግን ሁልጊዜ እቤት ነው። ይህን ለልጆቻችን አባት በጭቅጭቅ ሳይሆን ቡና ተፈልቶ ቁጭ ባልንበት ሰዓት እናንሳው። ልጁን የማይወድ አባት የለም፤ ከልጁ ከጀመርን ይሰማናል።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለስብሰባው እናቀርባለን። ሣጥን ለማሠራትና ቁልፍ ለመግዛት አቅም ላነሳት አባል ከቁጠባችን አነስተኛ ብድር ይፈቀድላት። ለጥጃና ለዶሮ አበድረናል፤ ለልጅ ሕይወት ማበደር አይከብደንም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ተወያይተንበት ዛሬውኑ በቃለ ጉባኤ እናስፍረው።