የበቆጂው የስፖርት መምህር



በትምህርት ቤት የሰዓት ድልድል ሲወጣ ማለዳው ለሒሳብና ለቋንቋ ይሰጥና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በተረፈው ሰዓት ይገባል። ዝናብ ቢጥል የሚቀረው፥ ፈተና ሲደርስም ቦታውን የሚለቀው እርሱ ነው። ከእናንተም መካከል የልጁን የውጤት ካርድ ሲያገላብጥ በዚያ መስመር ላይ ዓይኑን የሚያሳርፍ ብዙ አይመስለኝም። ዛሬ የማነሣላችሁ ይህንኑ ትምህርት ስላስተማሩ አንድ ሰው ነው።

በቆጂ በአርሲ ምድር ከአሰላ በስተደቡብ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ብርዷ ብርቱ፥ አየሯም ስስ ነው። ዙሪያዋ የገብስና የስንዴ አገር ነው። አቶ ስንታየሁ እሸቱ በዚህች ከተማ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበሩ። የመምህርነት ሥራ የሚቆጠረው በክፍል ሰዓት ነው፤ የእርሳቸው ዋና ሥራ ግን ከዚያ ሰዓት ውጭ ዋለ። ገና ጎሕ ሲቀድ ልጆቹን ሰብስበው በሜዳና በባሕር ዛፉ መካከል ያስሮጧቸው ነበር። በዛፎቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየተጣጠፉ መሮጥ መሬቱ ያልተደለደለ በመሆኑ ቁርጭምጭሚትን ያጠነክራል፥ ዓይንንም ያነቃል። ለዚህ ትልቅ ስታዲየም አያሻም።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ ደራርቱ ቱሉ ናት። በ1984 ዓ. ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1988 ዓ. ም. በአትላንታ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ወሰደች። በ2000 ዓ. ም. በቤጂንግ ደግሞ የሴቶቹም የወንዶቹም የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆች በሙሉ፥ አራቱም ማለቴ ነው፥ ለሁለት የዚያው አገር ልጆች፥ ለጥሩነሽ ዲባባና ለቀነኒሳ በቀለ ሆኑ። ከአንዲት የገጠር ከተማ ይህን ያህል መውጣቱን ሰው ሰምቶ በቀላሉ አያምንም።

ነገሩን ሁሉ ለአየሩ የሚሰጡ አሉ። ስስ አየር የቀይ ደም ሕዋሳትን እንደሚያበዛ የታወቀ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ደብረ ብርሃንም ከፍታዋ ከበቆጂ የሚያንስ አይደለም፤ በአገራችን ደጋ ላይ የተሠሩ ከተሞችም ብዙ ናቸው። አየሩ ብቻ ቢበቃ ኖሮ ከየደጋው ከተማ ሁሉ አንድ ደራርቱ በወጣች ነበር። የሚጎድለው ልጅቱ ስትሮጥ አይቶ፥ ነገም ነይ የሚላት ሰው ነው። ውኃና እንጨት ለምትሸከም የገበሬ ልጅ ይህች ቃል ቀላል አይደለችም፤ ለወላጆቿም ቢሆን ማለዳ ልጅን መልቀቅ ሥራ መፍታት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የመምህሩ ዕጣ ነው። ልጁ ሲጠነክር ክለብ ይወስደዋል፥ ከተማ ይገባል፥ ሌላ አሠልጣኝ ይረከበዋል። ወርቁ በተገኘ ዕለት በዜናው ውስጥ የመጀመሪያው መምህር ስም አይነሣም። የአቶ ስንታየሁ ስም በውጭ አገር በሰፊው የተሰማው በ2004 ዓ. ም. ስለ በቆጂ ሯጮች ዘጋቢ ፊልም ከወጣ በኋላ ነው፤ ይኸውም ደራርቱ ባሸነፈች በ20 ዓመቷ መሆኑ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያላሸነፉት ናቸው። ለአንድ ባለ ወርቅ ብዙ ልጆች በዚያው ሜዳ ሮጠው ስማቸው ሳይሰማ ቀርተዋል። ሩጫን ተስፋ አድርጎ መጽሐፉን የጣለ ልጅ፥ እግሩ በታመመ ጊዜ ምን ይይዛል? ስለዚህ የሩጫው መነሻ ትምህርት ቤት፥ ሰዓቱም ከደወሉ በፊት መሆኑን ትልቅ ነገር አድርጌ አየዋለሁ፤ ልጁ ሮጦ ሲያበቃ ወደ ክፍሉ ይገባልና።

ለወላጆች ስብሰባ ስትጠሩ የሒሳቡን መምህር ካነጋገራችሁ በኋላ በሜዳው በኩል እለፉ። ፊሽካ በአንገቱ ያንጠለጠለውን መምህር ልጃችሁ እንዴት እንደምትሮጥ ጠይቁት።